የባንክ በዓል ከየት መጣ? ባንኩ ሲዘጋስ ዕዳው ወደ የትኛው ቀን ይሄዳል?

ጥያቄ፦ በውጭ አገር ካሉ ደንበኞች ጋር ስሠራ «ሰኞ የባንክ በዓል ስለሆነ ክፍያው ማክሰኞ ይደርሳል» የሚል መልስ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ቀኑን ስመለከት የሃይማኖት በዓል አይደለም፤ የነጻነት ቀንም አይደለም። አንድ አገር በባንክ ስም በዓል የሚያውጀው ለምንድን ነው? ሌሎች አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ? በዚያ ቀን ሠራተኛ ሁሉ የማረፍ መብት አለው? የመክፈያ ቀን በዓል ላይ ሲውልስ ወደፊት ይገፋል ወይስ ወደኋላ ይሳባል?

መልስ፦ የባንክ በዓል ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚታየው የባንክ ሠራተኞች የሚያርፉበት ቀን ነው። እኔ ሥራዬ በአገሮች መካከል የሚደረግ ክፍያ ስለሆነ ነገሩን ከሌላው ጫፍ እይዘዋለሁ። የባንክ በዓል ከሁሉ አስቀድሞ ዕዳ የማይጠየቅበት ቀን ነው። ዕረፍቱ የመጣው ያንን ተከትሎ ነው። ይህን ከያዙ፣ ከአገር አገር ያለው ልዩነት እንቆቅልሽ መሆኑ ይቀራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ለንደን ላይ ነው። እስከ 1834 ድረስ የእንግሊዝ ባንክ በዓመት 33 ገደማ የሚሆኑ የቅዱሳን መታሰቢያዎችንና ሌሎች የሃይማኖት በዓላትን እያከበረ በሩን ይዘጋ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በዓላቱ አራት ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ስቅለት፣ ገና፣ ሜይ 1 እና ኖቬምበር 1። ከዚያ በኋላ ለአንድ ትውልድ ያህል የባንክ ጸሐፊ ከእሑድ ሌላ የሚያርፍበት ቀን በጣት የሚቆጠር ሆኖ ቆየ።

ይህን የለወጠው ሰር ጆን ለቦክ ነው። የባለ ባንክ ልጅ፣ ራሱም ባለ ባንክ፣ የፓርላማ አባል፣ በዚያ ላይ የጥንት ዘመን ተመራማሪ ነበር። የድንጋይ ዘመንን ዛሬም በምንጠቀምባቸው ፓሊዮሊቲክ እና ኒዮሊቲክ በተባሉ ስሞች ለሁለት የከፈለው እሱ ነው፤ ከቻርልስ ዳርዊን ጋርም ጎረቤትና ወዳጅ ነበሩ። የባንክ በዓላት ሕግ በ1871 የጸደቀው በእሱ አቅራቢነት ነው።

ባንኮቹ ማረፍ ከፈለጉ ተስማምተው በራቸውን ቢዘጉ ምን ችግር ነበረው? ሕግ ለምን አስፈለገ? በእኔ ግምት የጥያቄዎ ዋና ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። በዚያ ዘመን ንግድ የሚንቀሳቀሰው በሐዋላ ወረቀት ነበር። ጥጥ የገዛ ነጋዴ ከሦስት ወር በኋላ እንደሚከፍል በወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ሻጩ ወረቀቱን ይዞ አይጠብቅም፤ ጀርባው ላይ ፈርሞ ለሌላ ያስተላልፈዋል፤ ያም እንዲሁ ፈርሞ ለሌላ ይሰጠዋል። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ወረቀቱ በእጁ የተገኘው ሰው በዚያው ዕለት አቅርቦ መጠየቅ አለበት። በዕለቱ ካላቀረበ ጀርባው ላይ የፈረሙት ሁሉ ከዋስትናቸው ነጻ ይወጣሉ። አቅርቦ ካልተከፈለው ደግሞ ወረቀቱ ሳይከፈል የቀረ ተብሎ ይረጋገጥበታል፤ የፈራሚውም ስም በገበያው ይበላሻል። እንግዲህ ባንኩ በገዛ ፈቃዱ አንድ ቀን ቢዘጋ፣ ገንዘቡን አዘጋጅቶ የተቀመጠው ነጋዴ እንደ ከሳሪ ሊቆጠር፣ ገንዘቡን የሚጠብቀውም መብቱን ሊያጣ ነው። ከዓመቱ ውስጥ አንድን ቀን አንስቶ «ዛሬ ለዕዳ አይቆጠርም» ማለት የሚችለው ፓርላማ ብቻ ነበር።

የለቦክ ሕግ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ማንም ሰው በገና ወይም በስቅለት ቀን እንዲከፍል የማይገደደውን ክፍያ እንዲከፍል አይገደድም አለ። በዕለቱ የሚደርስ የሐዋላ ወረቀትም በማግስቱ እንዲከፈል ደነገገ። በማግስቱ መሆኑ ቀላል ነገር አይምሰልዎ። እስከዚያ ድረስ የመጨረሻው የመክፈያ ቀን እሑድ፣ ገና ወይም ስቅለት ላይ ሲውል ዕዳው ወደ ቀደመው የሥራ ቀን ይሳብ ነበር፤ በዓሉ ለተበዳሪው ጊዜ ይቀንስበት ነበር ማለት ነው። በባንክ በዓል ግን አንድ ቀን ተጨመረለት። ለቦክን ከልቤ የማደንቀው በዚህ ነው፤ ዕረፍትን ያለ ቅጣት የሚገኝ ነገር አደረገው።

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በአየርላንድ የተወሰኑት ቀናት አራት ነበሩ፤ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ የኦገስት የመጀመሪያ ሰኞ እና የገና ማግስት። ገናና ስቅለት ያልተጻፉት ከጥንት ጀምሮ በልማድ የዕረፍት ቀን ስለነበሩ ነው። በስኮትላንድ ልማዱ ሌላ ስለነበር የአዲስ ዓመት ቀን፣ ስቅለት፣ ገና፣ የሜይና የኦገስት የመጀመሪያ ሰኞዎች ተጻፉ። ከሁሉም ውስጥ የተለየው የኦገስቱ ሰኞ ነው። ከቅዱስም፣ ከንጉሥም፣ ከጦር ድልም ጋር የማይያያዝ፣ በበጋው መካከል ለዕረፍት ብቻ የተቀመጠ ቀን ነበር። እርስዎ ምንነቱ የጠፋብዎት ዓይነት ቀን የተወለደው ያኔ ነው። ሕዝቡ ግን ወዲያው የራሱ አደረገው፤ ለሕጉ አቅራቢ ምስጋና «የቅዱስ ለቦክ ቀን» እያለ ይጠራው ጀመር።

ሕጉ የሚናገረው ስለ ባንክ ሆኖ ሳለ አገሩ ሁሉ እንዴት አረፈ? ባንክ ሲዘጋ ክፍያ የለም፤ ክፍያ ከሌለ የነጋዴው ቢሮ ቢከፈትም የሚሠራው ነገር ያንሳል። በ1875 ጉምሩክና የወደብ መጋዘኖች በሕግ ተጨመሩ። ሱቆችና ፋብሪካዎች እየተከተሉ ዘጉ፤ ባቡሮች ሕዝቡን ወደ ባሕር ዳርቻ ማመላለስ ጀመሩ። ለቦክ ራሱ በዚህ አላበቃም፤ በ1886 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የሱቅ ሠራተኞች በሳምንት ከ74 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ሕግ አስወጣ። 74 ሰዓት እንደ ጥበቃ የተቆጠረበት ዘመን መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አንድ ተጨማሪ ሰኞ ያኔ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የሚገባን ከዚህ ነው።

ዛሬ በብሪታንያ የሚሠራበት ሕግ የ1971ዱ ነው። የጰራቅሊጦስ ሰኞ በሜይ የመጨረሻ ሰኞ ተተክቷል፤ የኦገስቱም በእንግሊዝና በዌልስ ወደ ወሩ መጨረሻ ተዛውሯል፤ ስኮትላንድ ግን በመጀመሪያው ሰኞ ጸንታለች። የአዲስ ዓመት ቀን በእንግሊዝ የባንክ በዓል የሆነው በ1974፣ የሜይ መጀመሪያው ሰኞ ደግሞ በ1978 ነው። ስለዚህ በኦገስት መጀመሪያ ኤዲንብራ ያለ ደንበኛዎ ዝግ ነኝ ቢልዎት፣ ለንደን ያለው ደግሞ ክፍት ነኝ ቢልዎት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሰሜን አየርላንድ በበኩሏ ማርች 17ን እና ጁላይ 12ን ትጨምራለች።

የባንክ በዓል የዕዳ ሕግ መሆኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። በ1914 የኦገስት የባንክ በዓል የዋለው በወሩ 3ኛ ቀን፣ ብሪታንያ ጦርነት ልታውጅ አንድ ቀን ሲቀራት ነበር። ሰው ገንዘቡን ለማውጣት፣ በተለይ የወረቀት ገንዘቡን በወርቅ ለመለወጥ እየተጣደፈ ነበር። መንግሥት ያደረገው ባንኮቹን በኃይል መዝጋት አይደለም፤ በዓሉን በአዋጅ ለሦስት ተጨማሪ ቀናት አራዘመው። ባንኮች የተከፈቱት ዓርብ ኦገስት 7 ሲሆን፣ በዚያው ዕለት ግምጃ ቤቱ አዲስ የአንድ ፓውንድ ኖቶችን ማውጣት ጀመረ፤ የ10 ሺልንጎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተከተሉ። ጊዜው ከመጣደፉ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ኖቶች የታተሙት ለፖስታ ቴምብር በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ነው። በእነዚያ ቀናት የማንም ዕዳ አልተሰረዘም፤ የማንም ዕዳ ግን አልተጠየቀም።

አሜሪካ በ1933 ያደረገችውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልኩ ግን እጅግ ሰፋ። በፌብሩዋሪ 14 የሚሺጋን ገዥ በግዛቱ ያሉትን ባንኮች ለስምንት ቀናት ዘጋ፤ ፍርሃቱም ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ቅዳሜ ማርች 4 ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሥልጣን ያዘ፤ ከማርች 6 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የባንክ በዓል እንዲሆን አወጀ። ለአዋጁ መሠረት ያደረገው በ1917 በጦርነት ጊዜ የወጣውን ከጠላት ጋር የሚደረግ ንግድን የሚመለከት ሕግ ነው። ማርች 9 ኮንግረስ የባንኮቹን ሁኔታ መርምሮ ደህናዎቹን መክፈት የሚያስችል ሕግ አጸደቀ። እሑድ ማርች 12 ማታ ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ ቀርቦ ባንክ በሰው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ በተራ ቋንቋ አስረዳ፤ ገንዘብ ከፍራሽ ሥር ይልቅ በተከፈተ ባንክ ውስጥ ደህና መሆኑንም ነገራቸው። በማግስቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ ሕዝቡ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ያስገባ ጀመር። አስከፊ ድንጋጤን በዓል ብሎ መጥራት አንዳንዱን ቅር ያሰኘው ይሆናል። እኔ ግን ትክክለኛ ስሙ ነው እላለሁ፤ የሕጉ አሠራር ከአንድ ተራ የኦገስት ሰኞ አሠራር የሚለይ አልነበረምና።

ግሪክም በ2015 ከጁን 29 እስከ ጁላይ 20 ባንኮቿን ስትዘጋ በአዋጇ የተጠቀመችው የባንክ በዓል የሚለውን መጠሪያ ነው። ከገንዘብ መክፈያ ማሽን በቀን ማውጣት የሚፈቀደው 60 ዩሮ ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንት ግን ረጅም ነው። በ1933 ሰዎች ቀኑ መቼ እንደሚያበቃና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን በግልጽ ተነግሯቸው ነበር፤ በአቴንስ ማብቂያው ደጋግሞ ተገፋ። የዚህ ዓይነት በዓል የሚጠቅመው ማብቂያው ሲታወቅ ነው።

ወደ ሠራተኛው ልምጣ። የማረፍ መብት ላሉት መልሱ እንደ አገሩ ነው፤ ብዙዎችን የሚያስደንቀው ደግሞ በባንክ በዓል አገር በብሪታንያ ሠራተኛ በዚያ ቀን የማረፍ ወይም ተጨማሪ ክፍያ የማግኘት መብት በሕግ ያልተሰጠው መሆኑ ነው። ሕጉ የሚሰጠው በዓመት 5.6 ሳምንት ዕረፍት ሲሆን፣ አሠሪው የባንክ በዓላቱን ከዚያው ላይ ሊቆጥራቸው ይችላል። ወሳኙ የሥራ ውሉ ነው። በአሜሪካም በዓላትን የሚወስነው የፌዴራል ሕግ የሚመለከተው የራሱን የመንግሥት ሠራተኞች ነው፤ የግል አሠሪን ዝጋ ብሎ አያስገድድም። በአየርላንድ ደግሞ ስቅለት ባንኮች የሚዘጉበት ቀን ነው፤ ለሠራተኛ መብት ከሚሰጡት ሕዝባዊ በዓላት ውስጥ ግን አይቆጠርም።

ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው በሆንግ ኮንግ ነው። ባንኮች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ቢሮዎች በዓመት 17 በዓላት አሏቸው። ለማንኛውም ሠራተኛ በሕግ የተረጋገጡት በዓላት ግን ለረጅም ጊዜ 12 ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ የመጀመሪያዎቹን የባንክ በዓል፣ ሁለተኛዎቹን የሠራተኛ በዓል ይላቸዋል። ባንክ ውስጥ የተቀመጠው እያረፈ ሕንፃውን የሚያጸዳው ይሠራል ማለት ነው። በ2021 በተሻሻለው ሕግ የሠራተኛው በዓላት ከ2022 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ አንድ እየጨመሩ በ2030 ወደ 17 እንዲደርሱ ተወስኗል። አምስት ቀን ለመጨመር ይህን ያህል መጓተቱ አያስደስተኝም፤ አቅጣጫው ግን የሚገባው ነው። ስሪ ላንካ ደግሞ ነገሩን ሳትደብቅ በቀን መቁጠሪያዋ ላይ ለሦስት ትከፍለዋለች፤ የሕዝብ፣ የባንክ እና የንግድ ቤቶች በዓል። እያንዳንዱ ቀን ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በምልክት ተለይቶ ይታተማል፤ በየወሩ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀንም በዓል ነው።

በዓል ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ሲውል ምን ይደረጋል? ብሪታንያ ለሁለቱም ምትክ ትሰጣለች፤ በ2021 ገና ቅዳሜ ስለዋለ፣ ማግስቱም እሑድ ስለነበረ፣ ሰኞና ማክሰኞ ባንኮች ዝግ ነበሩ። ጃፓን ለእሑዱ ምትክ ትሰጣለች፤ ቅዳሜ የዋለው ግን ያመልጣል። ከዚያ ሌላ በሁለት በዓላት መካከል አንድ የሥራ ቀን ብቻ ከቀረ ያ ቀን ራሱ በዓል ይሆናል። የጃፓን ባንኮች ከዲሴምበር 31 እስከ ጃንዋሪ 3 በሕግ ዝግ ናቸው፤ የዓመት መጨረሻ ክፍያ ያለበት ሰው ይህን ሊረሳ አይገባም። የጃፓንን ሁለት በዓላት ቀን የሚወስነው ደግሞ ሰማይ ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው የጸደይና የመጸው ዕለታት በሥነ ፈለክ ስሌት ተለይተው ይታወጃሉ።

አሜሪካ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የመንግሥት ቢሮ፣ ማዕከላዊ ባንኩና የአክሲዮን ገበያው የሚዘጉት በተለያየ ደንብ ነው። በ2020 የነጻነት ቀኑ ጁላይ 4 ቅዳሜ ዋለ። የፌዴራል ሠራተኞች ዓርብ ዕለት አረፉ፤ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያም ተዘጋ። የማዕከላዊ ባንኩ አካል የሆኑት የፌዴራል ሪዘርቭ ባንኮች ግን ቅዳሜ የዋለን በዓል ወደ ዓርብ ስለማይስቡ ክፍት ነበሩ፤ የዶላር ክፍያም እንደ ወትሮው ሄደ። የስቅለት ቀን የአክሲዮን ገበያው ዝግ ሲሆን ባንኮች ይሠራሉ። የቀድሞ ወታደሮች የሚታሰቡበት ኖቬምበር 11 የሥራ ቀን ላይ ሲውል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

ዩሮ የራሱ መልክ አለው። የዩሮ አገሮች ማዕከላዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት የሆነው ታርጌት ከቅዳሜና እሑድ ሌላ የሚዘጋው በስድስት ቀናት ብቻ ነው፤ ጃንዋሪ 1፣ ስቅለት፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሜይ 1፣ ዲሴምበር 25 እና 26። ጁላይ 14 ፈረንሳይ ስታከብር፣ ኦክቶበር 3 ጀርመን ስታከብር ዩሮ መንቀሳቀሱን አያቆምም። በጀርመን ውስጥ እንኳ በዓሉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ኦገስት 8 በዓል ሆኖ የሚውለው በአንዲት ከተማ፣ በአውግስቡርግ ብቻ ነው። ቻይና ደግሞ ረጃጅም የዕረፍት ሳምንታትን ለመፍጠር በዙሪያቸው ያሉ ቅዳሜና እሑዶችን የሥራ ቀን ታደርጋለች፤ የየዓመቱ ዝርዝር አስቀድሞ ይታወጃል። በብዙ ሙስሊም አገሮች የኢድ ቀን የሚረጋገጠው ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ፣ ባንኩ ነገ ይከፈት አይከፈት የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ሊሆን ይችላል። ቱርክ ግን በስሌት አስቀድማ ትወስነዋለች።

በዓል ይጨመራል፤ ይቀነሳልም። ጀርመን በ1995 የንስሐና የጸሎት ቀን የተባለውን በዓል ከሳክሶኒ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች ያስቀረችው ለአረጋውያንና ለሕሙማን እንክብካቤ ኢንሹራንስ የአሠሪዎችን ድርሻ ለማካካስ ነው። ዴንማርክ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኖረውን ታላቁን የጸሎት ቀን ከ2024 ጀምሮ ሰርዛለች፤ ምክንያቱ የመከላከያ ወጪ ነበር። ፖርቱጋል በ2013 በዕዳ ቀውስ ሳቢያ አራት በዓላት ቀንሳ በ2016 መልሳቸዋለች። ከሦስቱ ልቤ የሚያዘነብለው ለፖርቱጋል ነው፤ ሰው ለትውልዶች አብሮ ያረፈበትን ቀን በጀት ለመሙላት መውሰድ ከሒሳቡ በላይ ያስከፍላል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ወደፊት ወይስ ወደኋላ የሚለው፣ ገንዘብ የሚያስወጣዎት እሱ ስለሆነ በጥንቃቄ ያንብቡት። እንግሊዝ ከ1871 ጀምሮ ወደፊት ብትገፋም ደንቡ የዓለም ሁሉ አይደለም። በሕንድ በ1881ዱ የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች ሕግ አንቀጽ 25 መሠረት፣ የሐዋላ ወረቀት የመክፈያ ቀን ሕዝባዊ በዓል ላይ ከዋለ ዕዳው የሚደርሰው በቀደመው የሥራ ቀን ነው። የባንክ በዓላቱንም በአብዛኛው የሚያውጁት ግዛቶቹ ስለሆኑ ሙምባይ ሲዘጋ ቼናይ ሊከፈት ይችላል። በዘመናዊ የብድር ውሎች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ቀኑ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይገፋል፣ ግፊቱ ወሩን የሚያሻግር ከሆነ ግን ወደ ቀደመው ይመለሳል። ስለዚህ ኦገስት 31 በእንግሊዝ የባንክ በዓል ሰኞ ላይ ቢውል፣ በዚህ ደንብ ክፍያው የሚፈጸመው ዓርብ ኦገስት 28 ነው እንጂ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 1 አይደለም።

እንግዲህ ከደንበኛዎ ጋር ሲዋዋሉ «በሥራ ቀን ይከፈላል» ብለው አይለፉ፤ የማን የሥራ ቀን እንደሆነ ከተሞቹን በስም ይጥቀሱ። ከለንደን ወደ ቶኪዮ በዶላር የሚላክ ክፍያ የሁለቱን ከተሞች ብቻ ሳይሆን የኒው ዮርክንም የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ዶላሩ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሚዛወረው እዚያ ነውና። ከከተሞቹ ስም ቀጥሎም በዓል ሲያጋጥም ቀኑ ወደፊት ይገፋ ወይም ወደኋላ ይሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለተጨመሩት ቀናት ወለድ ይታሰብ አይታሰብ የሚለውንም እዚያው አብረው ይወስኑ።